ሬሳውን የቀደመው መርዶ

አስከሬኑ ደንገሉ መሀል በደረቱ ተኝቶ ነበር።

ጉሙ ገና ከሐይቁ ላይ አልተነሣም። አባ ኮዳዎቹ ዳሩን ይዘው ተደርድረዋል፤ መላጣ ራሳቸውን ትከሻቸው ውስጥ ቀብረው ዝም ብለው ያያሉ። አንዱም ወደ ሬሳው አልቀረበም። ሃምሳ አለቃ ደረሰ ይህን አልወደደውም። የዓሣ አንጀት ለመንጠቅ ከሰው ጋር የሚጋፉ ወፎች ዛሬ ምን ነክቷቸው ጨዋ ሆኑ?

ሁለት ፖሊሶች ሱሪያቸውን ጠቅልለው ገቡና ጎትተው አወጡት። ገልበጥ ሲያደርጉት ደረሰ ፊቱን አወቀው። ሀዋሳ ውስጥ ያንን ፊት የማያውቅ አልነበረም። አቶ ጉልላት፣ የሐይቅ ዳር በጎ አድራጎት ክበብ ሊቀ መንበር። ለገበያው የቧንቧ ውሃ ያስገቡ፣ ለትምህርት ቤቱ አግዳሚ ወንበር ያሠሩ ሰው ናቸው። ትናንት እንኳ ከከተማው በስተምሥራቅ ለሚሠራው ክሊኒክ ማሠሪያ ሐይቁ ዳር ባዛር ከፍተው፣ ቶምቦላውን በገዛ እጃቸው ሲያዞሩና ሕዝቡን ሲያስቁ ውለዋል።

ከግራ ጆሯቸው በላይ አጥንት ድረስ የገባ ቁስል አለ። ደሙን ውሃው አጥቦታል።

ያገኛቸው ሽበሺ የሚባል ዓሣ አጥማጅ ነው። በተገለበጠ ታንኳ ላይ ተቀምጦ ይንቀጠቀጣል። ደረሰ አጠገቡ ተቀመጠና በሲዳምኛ አጽናናው። ሽበሺ ትንሽ ሲረጋጋ፣ ሌሎቹ ፖሊሶችም እንዲሰሙት ብሎ መሰለኝ፣ በአማርኛ ተናገረ።

«መረቤን ልስብ ስገባ ለቅሶ ሰማሁ። ከከተማው በኩል ነው። የማን ቤት ፈረሰ ብዬ አዘንኩ።»

«እሺ። ከዚያስ?»

«ትንሽ ቀዘፍኩ። ጉም ነው፣ ምንም አይታይም። ከዚያ መቅዘፊያዬ ሰው ነካ።» ሽበሺ በእጁ ወደ ደንገሉ አመለከተ። «ሃምሳ አለቃ፣ ለቅሶው የሳቸው ነበር። ስም ይጠሩ ነበር። ጉልላቴ፣ ጉልላቴ እያሉ ነበር።»

ደረሰ ወደ ከተማው ዞሮ አየ።

«ሳታገኛቸው በፊት?»

«ሳላገኛቸው በፊት።»

ደረሰ ጉም ድምፅን ያጫውታል፣ የደነገጠ ሰውም ፊትና ኋላውን ያምታታል ብሎ ራሱን አሳመነ። ግን ሲያሳምን ዓይኑ ወደ ወፎቹ ሄደ።

ጣቢያ ሲደርሱ ሻምበሉ ጉዳዩን ጨርሶት ጠበቃቸው። ሻምበሉ ነገር ቶሎ የሚገባው ሰው ነው፤ በትክክል መግባቱ ሌላ ጉዳይ ነው። ክበቡ ለወደፊቱ የሐይቁን ዳር አጥሮ የመዝናኛ አትክልት ቦታ ሊያደርገው፣ በገቢውም ክሊኒኩን ሊያስተዳድር አቅዶ ነበር። ዕቅዱ በስብሰባ ላይ ሲነበብ ሽበሺ ብድግ ብሎ፣ እንጀራችንን የምታጥሩ ከሆነ ሐይቁ ይውሰዳችሁ ብሎ ተራግሟል። ይህን ግማሽ ከተማ ሰምቷል።

«ይኸው ወሰደው» አለ ሻምበሉ። «የልማት ጠላት የአብዮት ጠላት ነው። ነገ ጠዋት መኪናው ሲመጣ አብሮ ይጫናል።»

መኪናው ከየት እንደሚመጣ ማንም አይጠይቅም። ዘመኑ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ አምስት ነው፤ ያ ሁሉ እልቂት አልፏል ይባላል፣ መኪናው ግን አልፎ አልፎ ይመጣል። በሱ ሄዶ የተመለሰ ሰው ደረሰ አያውቅም። እስከ ጠዋት ያለችውን ጊዜ ለመነ። ሻምበሉ ትከሻውን ሰበቀና ተወው።

ሲወጣ የሽበሺ ሚስት የዓሣ ቅርጫቷን ታቅፋ በሩ ላይ ቆማለች። ብትሰድበው ይሻለው ነበር፤ ዓይኗ ግን እስከ አስፋልቱ ተከተለው።

ለቅሶው ቤት ድንኳን ቆሟል። ደረሰ ጥግ ይዞ ተቀመጠና ጆሮውን ጣል አደረገ። አጠገቡ የተቀመጠው ወጣት ፖሊስ ጠዋት መርዶውን ሊያደርስ የተላከው ነው። ሲደርስ ድንኳኑ ሲተከል አገኘና፣ ወሬ ቀደመኝ ብሎ ደስ እያለው ተመለሰ። መርዶ መንገርን ማን ይወዳል?

ደረሰን ግን ነገሩ ከነከነው። ከሐይቁ እስከዚህ ያለውን መንገድ በሐሳቡ ሄደበት። ሽበሺ ሬሳውን እንዳየ ሮጦ የመጣው ጣቢያ ነው። ጣቢያው ወዲያው ይህን ልጅ ላከ። በመሀል ድንኳን የሚተከልበት ጊዜ ከየት መጣ?

የሟቹን ሚስት ወይዘሮ ጥሩወርቅን ለብቻቸው አስወጥቶ ጠየቃቸው። ድምፃቸው ተዘግቷል። ባላቸው ማታ ባለመግባታቸው አልሰጉም ነበር፤ የባዛሩን ዕቃ ስጠብቅ አድራለሁ ብለው ነግረዋቸዋል። ጎህ ሊቀድ ሲል በሩ ተንኳኳ። ኩራዝ ይዘው ሲከፍቱ የክበቡ ሽማግሌዎች አቶ በኃይሉና አቶ ተፈራ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰው ቆመዋል። ያንን ካዩ በኋላ ምን እንደተባለ አያስታውሱም።

«ማን እንደነገራቸው ጠየቋቸው?»

ሴትዮዋ በትዝብት አዩት። «መርዶ ላይ ማን ነገራችሁ ይባላል እንዴ?»

እውነታቸውን ነው፤ አይባልም። ሽማግሌ በማለዳ ነጠላውን አዘቅዝቆ በር ላይ ከቆመ ነገሩ አልቋል። የሰማው ሰው ይወድቃል፣ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ድንኳን ይተከላል። ቃሉ ከማን አፍ እንደወጣ መጠየቅ ነውር ነው። ደረሰም እድሜውን ሙሉ ጠይቆ አያውቅም። ዛሬ ግን ከነውሩ ጋር መጣላት ነበረበት።

አቶ በኃይሉ ልብስ ሰፊና የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ናቸው፤ ቃላቸውን እንደ ጨርቅ ለክተው ነው የሚቆርጡት። ጥያቄውን ሲሰሙ ተቆጡ። ከብዙ ማስቸገር በኋላ አንድ ነገር ወጣቸው።

«አቶ ተፈራ ላኩብኝ። ጉልላት ሐይቅ ገብቶ ሞቷል፣ ቶሎ ድረሱልኝ፣ ብቻዬን አልችልም አሉኝ። ሄድኩ።»

አቶ ተፈራ የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴ ናቸው። ክሊኒኩ የሚሠራበትን ሲሚንቶ የለገሱት እሳቸው ናቸው። ትናንት ባዛሩ ላይ ግን ከሟቹ ጋር ሰው እስኪሰማ ተጨቃጭቀዋል። ደረሰ ይህን አስታወሰ። የት ናቸው ብሎ ቢጠይቅ፣ ክሊኒኩ የሚሠራበት ቦታ ናቸው አሉት። ቀብር ሳይደርስ እዚያ ምን ይሠራሉ?

ሲሚንቶ እያስጫኑ ነበር።

«ሰው ሞተ ብዬ ንብረቴ በዝናብ ይበላሽ?» አሉ ደረሰን ሲያዩት። ፊታቸው ግን ቀላ።

ቦታው ከቤቶቹ ራቅ ብሎ ያለ ገላጣ ነው። መሠረት የሚቆፈርበት ገመድ ተወጥሯል። ደረሰ ገመዱን በዓይኑ ተከተለው። ቀጥ ብሎ ይሄድና፣ አንዱ ጥግ ላይ ሲደርስ እንደ ፈራ ሰው ዘወር ብሎ ያልፋል።

ጠባችሁ ስለምን ነበር ብሎ ጠየቃቸው።

«ስለዚህች ጥግ!» አሉ ተፈራ። «ሁለት ጊዜ ችካል አስነቀለ። ይህን ጥግ አትንኩብኝ ይላል። ለምን ሲባል ውሃ አዘል ነው። እዩት እስቲ፣ አፈሩ አመድ አይደለም? ቆፋሪዎቹም ከሱ ለመዱና እዚያ ጋ ምሳ አይበሉም። ቀን በቀን ብርድ አለው ይላሉ።»

ደረሰ ወደ ጥጉ ሄደ። ብርዱ የእውነት ይሁን የወሬው አላወቀም፤ ጀርባውን ግን ወረረው። ሣሩ ተነቅሎ መልሶ ተተክሏል። አፈሩ ተቆፍሮ የተመለሰ ነው፤ ገና አልጠነከረም። ተንበረከከና በእጁ ቆፈር ቆፈር አደረገ። መጀመሪያ የሸሚዝ ቁራጭ መጣ። ከዚያ የሰው የእጅ አጥንት።

አንድ ብቻ አልነበረም።

ቀስ ብሎ አፈሩን መለሰና ሣሩን ደለደለ። ቀና ሲል ተፈራ ፊታቸውን ወደ ተራራው አዙረዋል።

«እኔ ምንም አላየሁም» አሉ።

«እኔም» አለ ደረሰ። በዚያ ዘመን እንዲህ ዓይነቱን ነገር አይቶ ያየ የለም።

ግን ሐሳቡ መሥራቱን አላቆመም። በሰባ ዓመተ ምሕረት፣ ወጣቱ ከየቤቱ ሲለቀም፣ አቶ ጉልላት የቀበሌ ሹም ነበሩ። ኋላ ሹመቱን ተዉ፣ ክበቡን አቋቋሙ፣ ከተማው ወደዳቸው። ይህን ጥግ ያውቁታል። አሁን ደግሞ ሌላ ሰው አውቆታል፤ የቆፈረው ያ ሰው ነው።

«አቶ ተፈራ፣ የጉልላትን መርዶ ማን ነገረዎት?»

«በኃይሉ ነዋ! ጉልላት ሐይቅ ገብቶ ሞቷል፣ ቶሎ ድረሱልኝ፣ ብቻዬን አልችልም ብሎ ላከብኝ።»

በኃይሉም ያሉት ይህንኑ ነበር። ቃሉ ያው ነው፤ አንዲት ፊደል አልጎደለችም።

ሁለቱን ያገናኛቸው ቀብር ላይ ነው። ሕዝቡ ከሬሳው ኋላ ሲጎርፍ ከዛፍ ሥር ለይቶ አቆማቸው። አንዱ ላክህብኝ ሲል፣ ሌላው አንተ ላክህብኝ እንጂ አለ። ለአፍታ ሁለቱም አንዱ ሌላውን እንደ ገዳይ አየው። ከዚያ ቁጣው ከፊታቸው ጠፋና ፍርሃት ብቻ ቀረ። ሁለት ሽማግሌዎች፣ ማንም ያልላከውን መርዶ ተሸክመው የሰው በር አንኳኩተዋል።

«ታዲያ ወደ ሁለታችሁም ቤት የመጣው እግር የማን ነው?» አለ ደረሰ።

«መልእክተኛው?» አሉ በኃይሉ። «መምህር ታምሩ ነው። ጸሐፊያችን አይደል፣ የክበቡን መልእክት ሁልጊዜ የሚያደርሰው እሱ ነው።»

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የሱን ስም ለማንሣት ያሰበ አልነበረም። ቃሉ የላኪው ነው፤ መልእክተኛውን ማን ይቆጥረዋል? ደረሰ ዞር አለ። መምህር ታምሩ ከሬሳው ተሸካሚዎች ፊተኛው ነበር። ቃሬዛው ትከሻው ላይ ነው፣ ዓይኑ መሬት መሬት ያያል። የደረሰን ትልቅ ልጅ ፊደል ያስቆጠረው እሱ ነው።

ሬሳው አፈር እስኪለብስ ጠበቀ። ታምሩ ከቀብሩ ወደ ቤቱ አልሄደም፤ ወደ ሐይቁ ወረደ። የባዛሩን ዳስ ብቻውን ያፈርስ ጀመር። ፀሐይዋ ዘቅዝቃለች፣ ውሃው አመድ መስሏል። ትናንት የተንጠለጠሉት የወረቀት አበቦች ነፋሱ ሲነካቸው ሰው የሚያንሾካሹክ ይመስላሉ።

«መምህር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነበር።»

ታምሩ ገመዱን መፍታቱን አላቆመም። «ሽበሺን ለምን አሰራችሁት?»

«ነገ ጠዋት ይጫናል።»

እጁ ቆመ። «ነገ? ቀብሩ ይለፍ፣ ሠልስቱ ይውጣ፣ ከዚያ እጄን እሰጣለሁ ብዬ ነበር እኮ።» ወደ ደረሰ ዞረ። «እኔ ከተናገርኩ ይፈታል?»

«ይፈታል።»

«እንግዲያው ይጻፉ።»

ዳሱ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ነገረው። የክሊኒኩን ንድፍ የሚያወጣው እሱ ነበር፤ ጉልላት ያችን ጥግ እየዘለለ ሲያስነድፈው ግር አለው። አንድ ማለዳ ዶማ ይዞ ሄደ። ካገኛቸው ነገሮች አንዱ ቀበቶ ነው። ቀበቶው ላይ በምስማር የተበሳ ትርፍ ቀዳዳ አለ። የበሳው ራሱ ታምሩ ነው፤ ታናሽ ወንድሙ ባዬ ቀጭን ስለነበር ቀበቶ ይሰፋው ነበር። ባዬ በሰባ ዓመተ ምሕረት ከቤት ተወስዶ የት እንደገባ ሳይታወቅ ቀርቷል።

ማታ ባዛሩ ሲበተን ጉልላትን በዳርቻው ይዞት ሄደና ጠየቀው። ጉልላት አልካደም። ስሙን የሰጠሁት እኔ ነኝ፣ የቀበርኩትም እኔ ነኝ አለው።

«ያን ጊዜ አልመታሁትም» አለ ታምሩ። «እንዲያውም መሬት ላይ ተቀመጥኩ። እናቴ እስከ ዛሬ የግቢውን በር ሳትዘጋ ነው የምታድረው። ጥቁር አልለበሰችም። ባዬ ይህን ይወዳል፣ ባዬ ያንን አይወድም ነው የምትለው። ለሷ እንኳ ለምን አልነገርካትም አልኩት። ዝም አለኝ። ደግሜ ጠየቅሁት፣ ዝም። ለመንኩት። አንድ ቃል ቢናገር፣ ፈርቼ ነው ቢለኝ እንኳ እተወው ነበር። ዝም ሲለኝ ድንጋዩን አነሣሁ።»

ደረሰ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«መርዶውን ለምን ላኩ? ዝም ቢሉ ኖሮ ማንም አይደርስብዎትም ነበር።»

«ወይዘሮ ጥሩወርቅ ምን አደረጉኝ?» አለ ታምሩ። «ውሃው ይዞት ቢሄድስ? ሳይገኝ ቢቀርስ? እንደ እናቴ በር ሲያዩ ሊኖሩ ነው። ሰው ገድዬ መተኛት የምችል መስሎኝ ነበር። ያንን ግን አልቻልኩም። እኔ ብቻዬን ሄጄ እንዳልነግራቸው ደግሞ መርዶ በሽማግሌ ነው።»

ሻምበሉ ቃሉን ሲያነብ ፊቱ ጠቆረ። ባዬ የሚባል ሰው የለም፣ ጥግ የሚባል ነገርም የለም አለ። በክበቡ ሥራ ተጣልተው ገደለው ተብሎ እንዲጻፍ አዘዘ። ደረሰ እንደታዘዘው ጻፈ። ለዚህ ነገር ራሱን ይቅር ያለው አይመስለኝም፤ ግን ሽበሺ ያን ምሽት ከሚስቱ ጋር ወጥቶ ሄደ። በጠዋቱ መኪና የሚጫነው ታምሩ ሆነ።

ታምሩ አንድ ነገር ለመነ። «የኔን ሌላ ሰው ይንገራት። የባዬን እርስዎ ሽማግሌ ይዘው ይንገሯት። ሳልሄድ ደግሞ ምን እንዳለች ይምጡና ይንገሩኝ። እስክሰማ አላርፍም።»

ጎህ ሲቀድ ደረሰ በኃይሉንና ተፈራን ይዞ ሄደ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል። የግቢው በር ክፍት ነበር። እማማ ካሰች ደጃፋቸው ላይ ቆመው ጉሙን ያያሉ። ሦስቱን ወንዶች ሲያዩ አልጮኹም፣ አልወደቁም።

«የማንን ነው ያመጣችሁት?» አሉ።

«የባዬን፣ እማማ» አለ ደረሰ። «ባዬ በሕይወት የለም። ያረፈበትም ተገኝቷል።»

ሴትዮዋ ለቅሶ አላሰሙም። ዓይናቸውን ከአንዱ ወደ ሌላው አዞሩ። ከዚያ በመርዶ ላይ የማይጠየቀውን ጠየቁ።

«ማን ነገራችሁ?»

ሽማግሌዎቹ አቀረቀሩ። ደረሰ መለሰላቸው።

«መምህር ታምሩ።»

«ታምሩ አወቀ?» ግድግዳውን ተደገፉ። «ጉልላት ነገረው?»

«ቦታውን ራሱ ቆፍሮ አገኘው። አቶ ጉልላትን ለእናቴ ለምን አልነገርካትም ብሎ ጠየቃቸው። ዝም አሉት። በዚያ ተቆጥቶ...» መጨረስ አቃተው።

«ዝም አለ» አሉ እማማ ካሰች። «ዝም አለ። ያስማልኩት እኮ እኔ ነኝ።»

ቀስ ብለው ተቀመጡና ያንን ሁሉ ዓመት ለማንም ያልተነፈሱትን ተናገሩ። ባዬ በተወሰደ በዓመቱ ጉልላት መጥቶ እግራቸው ላይ ወድቋል። ልጃቸውን የት እንዳስተኛው ነግሯቸዋል። ፊቱን ቧጥጠውታል፣ ረግመውታል። ከዚያ አንድ የቀራቸው ልጅ ታያቸው። ታምሩ ይህን ካወቀ ወይ ይገድላል ወይ ይገደላል። ለታምሩ እንዳይተነፍስ፣ እሳቸው ማወቃቸውንም እንዳይናገር መስቀል አስይዘው አስማሉት።

«እኔም ያላወቅሁ መሰልኩ» አሉ። «ጥቁር ያልለበስኩት ለሱ ብዬ ነው። በሩን ክፍት ያሳደርኩት ታምሩ እንዲያየው ነው። እየጠበቅሁ ነው ካለ ተስፋ ይኖረዋል፣ ተስፋ ካለው ሰው አይገድልም ብዬ። ክሊኒኩንም እዚያ ልሥራው ወይ ብሎ የጠየቀኝ እኔን ነው። ከባዬ አጠገብ የታመመ ይዳንበት ብዬ ሥራው አልኩት።»

ተፈራ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ያለቅሱ ነበር።

እማማ ካሰች የደረሰን እጅ ያዙ። እጃቸው ውሃ የነካው ይመስል ይቀዘቅዛል።

«ልጄ የት ነው?»

«ጣቢያ ነው። ጠዋት ይወስዱታል።»

«ልየው?»

«አይፈቅዱልዎትም፣ እማማ። የሚጠብቀው እኔን ነው፤ ምን እንዳሉ ልነግረው ቃል ገብቼለታለሁ።»

እጁን ጠበቅ አደረጉት። «ማወቄን እንዳይሰማ። ያ ሰው ለምን ዝም እንዳለው ካወቀ፣ መኪናው ከሚወስደው ቦታ የበለጠ የከፋ ቦታ ይገባል። ማሉልኝ።»

ተፈራ ማሉ። በኃይሉ ሃይማኖታቸው መማልን ስለማይፈቅድ፣ ቃሌ ነው አሉ። ደረሰ ሰው እውነቱን እንዲናገር ሲያስገድድ የኖረ ሰው ነው። እሱም ማለ።

ጣቢያ ሲደርስ መኪናው ሞተሩን አስነሥቷል። ታምሩ እጁን ታስሮ ከኋላ ተቀምጧል። ደረሰን ሲያይ ከወገቡ ቀና አለ።

«ምን አለች?»

«አለቀሱ» አለ ደረሰ። «ምንም አያውቁም ነበር።»

ታምሩ ዓይኑን ጨፈነና ረጅም ትንፋሽ አወጣ። «ተገላገለች» አለ። መኪናው ወደ ጉሙ ገባ።